የሳሳ አየርና የእንስሳት ልብ፦ ለደጋ አጥቢያ እንስሳ ከመግዛታችን በፊት



ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኝ አንዲት አጥቢያ ያሉ የእናቶች ማኅበር አባላት የሥጋ ዶሮ ለማርባት ተነሡ። ሐሳቡ መልካም፣ ስሌቱም ትክክል ነበር። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ፈጥኖ የሚያድገው የሥጋ ዶሮ ዝርያ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ለገበያ ይደርሳል። በጾሙ መግቢያ የገባ ጫጩት ለፋሲካ ገበያ መድረሱ ነው። እኛም ዕቅዱን መረመርን፣ ተዘዋዋሪ ብድሩን አጸደቅን፣ 200 የአንድ ቀን ጫጩቶችን ከወይና ደጋ ማራቢያ አስመጥተን አስረከብን።

ሦስቱ ሳምንታት በሰላም አለፉ። በአራተኛው ሳምንት ግን ከሁሉ ይልቅ የወፈሩት፣ እናቶች «ይኼስ ለፋሲካ ዋጋ ያወጣል» እያሉ የሚያሳዩአቸው ዶሮዎች መፍዘዝ ጀመሩ። ኩክኔያቸው ጠቆረ፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ጀመር፣ ሆዳቸው ውሃ እንደ ሞላ ስልቻ ተነፋ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ይወድቁ ገቡ። በዓሉ ሲደርስ ከግማሽ በታች ቀሩ። ማኅበሩ የብድሩን ዕዳ ለመክፈል ሁለት ዓመት ፈጀበት።

ከዕዳው የከፋ ሌላ ነገርም ተከተለ። ጫጩቶቹ በገቡ ሰሞን ለማየት መጥታ «እንዴት ያምራሉ!» ያለች አንዲት ጎረቤት «ዓይኗ ነው የፈጃቸው» ተብላ ተጠረጠረች። ሰላምታ ተነፈገች፤ ከቡና ጥሪም ቀረች። የአጥቢያው አስተዳዳሪ ግን ወሬውን አልተቀበሉም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንድናመጣ አስገደዱን። ባለሙያውም በሕዝብ ፊት ሦስት የሞቱ ዶሮዎችን ከፍቶ አሳየ። ሆዳቸው ቢጫ ውሃ ቋጥሯል፤ ጉበታቸው አብጧል፤ ልባቸው በቀኝ ወገኑ ተለጥጦ ቅርጹን ስቷል። «የገደላቸው የሰው ዓይን አይደለም፤ ከፍታው ነው» አለ። አባታችንም ያችን ሴት በጉባኤ ፊት ይቅርታ አስጠየቁላት። ጥፋቱ ከማንም ይልቅ የእኛ ነበር፤ ዕቅዱን ስንመረምር የመኖውን፣ የገበያውንና የቤቱን ነገር ስንጠይቅ የአጥቢያዋን ከፍታ አልጠየቅንምና።

ዘንድሮ ከደጋና ከውርጭ አጥቢያዎች የወተት ላም፣ የበግና የዶሮ ዕርባታ ጥያቄዎች በብዛት ቀርበውልናል። ስለዚህ በዚህ እትም የከፍታን አየር፣ የእንስሳትን ልብና የሁለቱን ግንኙነት በተቻለን መጠን ለማብራራት ወደድን። ይህን ያወቀ ኮሚቴ ገንዘቡን ከኪሳራ፣ ጎረቤቱንም ከሐሜት ያድናል።

የከፍታ አየር ምን ጎደለው?

ብዙዎቻችን በከፍታ ቦታ ያለው አየር ኦክስጅን እንደ ጎደለው እንሰማለን። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ማብራሪያ ይሻል። አየር በባሕር ዳርቻም ሆነ በራስ ዳሸን ጫፍ ከመቶ 21 እጅ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ድርሻው አይለወጥም፤ የሚለወጠው ግፊቱ ነው።

የጭድ ክምርን እናስብ። ከክምሩ ሥር ያለው ጭድ ከላይ በተጫነው ክብደት ተጠቅጥቋል፤ ከጫፉ ላይ ያለው ደግሞ ልል ነው። አንድ ሰው ከሥሩ አንድ እቅፍ ቢወስድ ብዙ ጭድ ያገኛል፤ በዚያው ክንዱ ከጫፉ አንድ እቅፍ ቢወስድ ግን የሚያገኘው ጥቂት ነው። ጭዱ ያው ጭድ፣ እቅፉም ያው እቅፍ ነው፤ የተለየው መጠቅጠቁ ነው። አየርም እንዲሁ በቆላ የተጠቀጠቀ፣ በደጋ የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ጊዜ ስንተነፍስ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ3,000 ሜትር ከመቶ 70 እጅ ያህል፣ በ4,000 ሜትር ደግሞ ከመቶ 60 እጅ ያህል ይሆናል።

ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ እንስሳ ይህን ጉድለት በመጀመሪያ የሚያካክሰው ትንፋሹንና የልብ ምቱን በማፋጠን ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ቀይ የደም ሴሎቹ ይበዛሉ፤ እያንዳንዱ ሴል ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው የሸክም አቅም ይጨምራል። ይህ መፍትሔ ግን ዋጋ አለው። ሴል የበዛበት ደም ይወፍራል፤ የወፈረ ደም ለመግፋት ይከብዳል፤ ሸክሙም ዞሮ በልብ ላይ ይወድቃል።

የልብ ሁለት አገልግሎት

አጥቢ እንስሳትም ሆኑ አዕዋፍ ልባቸው አራት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ሥራው ግን በሁለት ይጠቃለላል። የግራው ወገን ከሳንባ የመጣውን ኦክስጅን ያዘለ ደም ተቀብሎ ከራስ እስከ እግር ያዳርሳል። የቀኙ ወገን ደግሞ ከአካል የተመለሰውን ደም ተቀብሎ አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ይልካል። የግራው መንገዱ ረጅም ስለሆነ ግድግዳው ወፍራም፣ ጡንቻውም ብርቱ ነው። የቀኙ መንገዱ አጭርና ለስላሳ ስለሆነ ግድግዳው ስስ ነው። በጤነኛ ሰው በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት በተቀረው አካል ካለው ግፊት አንድ አምስተኛ ወይም አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። የቀኙ ልብ የተሠራው ለቀላል ሥራ ነውና፣ ከፍታ ላይ በድንገት ከባድ ሥራ ሲታዘዝ ይቸገራል።

ሥራው የሚከብድበትን ምክንያት ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች፣ ኡልፍ ፎን ኦይለርና ዮራን ሊልየስትራንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት ጽሑፍ ገልጸዋል። ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር የተነፈሱ ድመቶች የሳንባቸው የደም ግፊት ከፍ ሲል አዩ። የተቀረው አካል የደም ሥሮች ኦክስጅን ሲያጡ ይሰፋሉ፤ የሳንባ የደም ሥሮች ግን በተቃራኒው ይጠባሉ።

ይህ ነገር በራሱ ጥበብ ያለበት ሥርዓት ነው። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ አንዱ መደብ ውሃ ቢወርድበት የማይጠቅም ሆኖ ሲያገኘው ቦዩን ደፍኖ ውሃውን ወደ ሌላው መደብ ይመልሳል። ሳንባም ከፊሉ በበሽታ ወይም በአክታ ተዘግቶ አየር ሲያጣ ወደዚያ የሚሄደውን የደም ሥር አጥብቦ ደሙን አየር ወዳለበት ወገን ይመራዋል። ችግሩ የሚመጣው እንስሳው ወደ ከፍታ ሲወጣ ነው። በዚያ አየር ያጣው ከፊሉ ሳይሆን መላው ሳንባ ነው። ቦዮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠባሉ፤ ውሃው የሚመለስበት ሌላ መደብ የለም። የቀኙ ልብ በጠበበ ቦይ ደም ለማሳለፍ ሌሊትና ቀን ይገፋል።

ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ይደነድናል። የቀኙ ልብም መጀመሪያ ይደነድናል፣ ለጊዜውም ይችላል። ጫናው ካልቀነሰለት ግን ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ልብ ደግሞ መግፋት ይሳነዋል። ያልተገፋው ደም ወደ ኋላ ይከማቻል፤ የአንገት ደም ሥር ይወጠራል፣ ጉበት ያብጣል፣ ከደም ሥሮች ውሃ እየሰረገ ቆዳ ሥርና ሆድ ውስጥ ይቋጠራል።

ፍርምባ ያሳበጠው በሽታ

ይህ በሽታ በከብቶች ላይ በሰፊው የታወቀው በአሜሪካ በኮሎራዶ ተራራማ ክፍለ አገር ነው። ግሎቨርና ኒውሰም የተባሉ የእንስሳት ሐኪሞች በአካባቢው ገበሬዎች ከብት ላይ የሚታየውን እብጠት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1915 ጽሑፍ አሳተሙ። የታመመው ከብት ይከሳል፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ፍርምባው በውሃ ያብጣል፤ ስለዚህም ሕዝቡ በሽታውን በፍርምባ ስም ይጠራው ነበር። ከዝቅተኛ ቦታ የመጡ ከብቶች ይበልጥ እንደሚታመሙና የታመመውም ወደ ዝቅተኛ ቦታ ቢወርድ ሊሻለው እንደሚችል ሁለቱ ሐኪሞች አስተዋሉ። የሳንባ ደም ግፊት ነገር በዘመኑ ገና አልተገለጠም ነበር፤ እነርሱ ግን የበሽታውን መንስኤ ከከፍታው ጋር ማያያዛቸው ትክክል ነበር።

ታዲያ እንስሳት ሁሉ በዚህ እኩል ይጎዳሉን? አይጎዱም። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ አንድ ጥናት ልዩ ልዩ እንስሳትን በአንድ ዓይነት የሳሳ አየር ውስጥ አቆይቶ አነጻጸረ። የጥጃና የአሳማ የሳንባ ደም ግፊት እጅግ ሲያሻቅብ፣ የበግና የውሻ ግን ጥቂት ብቻ ጨመረ። ልዩነቱ የተገኘው በሳንባ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳቸው ወፍራም ጡንቻ ያለው እንስሳት አጥብቀው ያጠብባሉ፤ ጡንቻው ስስ የሆነላቸው ደግሞ እምብዛም አያጠብቡም። ከብት ከአካሉ ግዝፈት አንጻር ሳንባው አነስተኛ መሆኑም ሌላ ሸክም ነው። የደጋ ገበሬ አባቶቻችን በውርጭ ምድር ከሁሉ አስቀድመው በግን ማርባታቸው እንግዲህ በልምድ የተገኘ ማስተዋል ነው።

ከፍታን የለመዱት እንዴት ለመዱት?

በተራራ ላይ ለብዙ ሺህ ትውልድ የኖሩ እንስሳት ችግሩን የተሻገሩበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ጥቂቶቹን እንመልከት።

የመጀመሪያው በቲቤትና በሂማላያ ተራሮች የሚኖረው ያክ ነው። ያክ የላም ዘመድ ነው፤ ከአካሉ አንጻር ልቡና ሳንባው ትልልቅ ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን የሳንባው የደም ሥሮች ግድግዳ ስስ ስለሆነ በሳሳ አየር ውስጥ እንደ ላም አይጠብም። የቀኙ ልብ የሚሠራው ያንኑ ቀላል ሥራ ነውና አይደነድንም፣ አይለጠጥምም።

ሁለተኛው የደቡብ አሜሪካው ላማ ነው። ላማ ጉድለቱን የሚያሟላው በደሙ ዓይነት ነው። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅንን አጥብቆ የመያዝ ኃይል ስላለው ከሳሳ አየርም በቂውን ይሰበስባል። ስለዚህ ደሙን ማወፈር አያስፈልገውም፤ ልቡም ከወፈረ ደም ሸክም ይድናል።

ሦስተኛው ራሱ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት የእስያ ዝይ ነው። ይህ ዝይ በየዓመቱ የሂማላያን ተራሮች አቋርጦ ይሰደዳል፤ መከታተያ መሣሪያ በተደረገላቸው ዝዮች ላይ እስከ 7,290 ሜትር ከፍታ ተመዝግቧል። እርሱም እንደ ላማ ኦክስጅንን አጥብቆ የሚይዝ ሄሞግሎቢን አለው። በተጨማሪም የግራ ልቡ ጡንቻ በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ዘመዶቹ ይልቅ በጥቃቅን የደም ሥሮች የበለጸገ ነው። ለአካል ሁሉ ኦክስጅን የሚያዳርሰው ልብ ራሱም ኦክስጅን ይፈልጋልና፣ ለአገልጋዩ አስቀድሞ ምግቡ ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው።

አራተኛውን ምሳሌ ከገዛ ተራሮቻችን እናገኛለን። ጭላዳ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር ፍጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ጭላዳ ዘረመል የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው የጭላዳ ሄሞግሎቢን በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ዘመዶቹ ይልቅ ኦክስጅንን አጥብቆ አይዝም፤ ደረቱ ግን ከዝንጀሮ ይልቅ ሰፊ ነው። የላማ መንገድ ለጭላዳ መንገድ አልሆነም። የሰዎችም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአንዲስ ተራሮች እንደሚኖሩት ሰዎች የሄሞግሎቢናቸው መጠን ከፍ ያለ ሆኖ አልተገኘም፤ በዝቅተኛ ቦታ ካሉ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ነበር።

ዘር የሚወርሰው ነገር

ከዚህ ሁሉ ለኮሚቴዎቻችን ይበልጥ የሚጠቅመው የዘር ጉዳይ ነው። በህንድ ላዳክ ተራሮች ሰዎች ያክን ከላም ያዳቅላሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት የእነዚህን ዲቃሎች የሳንባ ደም ግፊት ለካ። ከያክና ከላም የተወለዱት እንደ ያክ ወላጃቸው ዝቅተኛ ግፊት ነበራቸው። ዲቃሎቹ እንደገና ከላም ወገን ጋር ሲዳቀሉ ግን ልጆቻቸው በሁለት ተከፈሉ፤ ከፊሎቹ እንደ ያክ፣ ከፊሎቹ እንደ ላም ሆኑ። ከፍታን የመቻል ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ በመዳቀልም የሚገኝ ወይም የሚጠፋ መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

በኮሎራዶም እንዲሁ በአንድ መስክ ከሚግጡ ከብቶች ሁሉም አይታመሙም። የእንስሳት ሐኪሞች በአንገት ደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ደም ሥር አስገብተው ግፊቱን ይለካሉ። ግፊቱ ከፍተኛ የሆነ ኮርማ ራሱ ባይታመም እንኳ ልጆቹ እንዳይታመሙ ለዘር አይመረጥም። ልኬቱ የሚታመነውም ኮርማው በከፍታ ላይ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ሲሆን ነው፤ በቆላ የተለካ ግፊት በደጋ የሚሆነውን አይናገርምና።

በአገራችን በሰሜን ተራሮች አካባቢ ከብቶች ተመርምረው ነበር። ለዘመናት በዚያ የኖሩት የአገሩ ከብቶች ይህ በሽታ አልታየባቸውም፤ ከፍታውን በሚገባ ለምደውታል። ስለዚህ «ላሚቷ ትንሽ ናት፣ ወተቷም አንድ ኩባያ ነው» ብለን የምንንቃት የአገር ላም በገንዘብ የማይገዛ ሀብት በደሟና በልቧ ይዛለች። የተዳቀለች ላም ደጋ አትወጣም ማለታችን ግን አይደለም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ በ2,800 ሜትር አካባቢ የተዳቀሉ የወተት ላሞች የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ናቸው። የምንለው፣ ከፍታው እየጨመረ በሄደ ቁጥር የዘርን ምንጭ መጠየቅ ግዴታ ይሆናል ነው።

ወደ ዶሮዎቹ እንመለስ

የእናቶች ማኅበር ዶሮዎች ምን እንዳጋጠማቸው አሁን መረዳት እንችላለን። የሥጋ ዶሮ ዝርያ በጥቂት ሳምንታት ብዙ ሥጋ እንዲያወጣ የተመረጠ ነው። ፈጥኖ የሚያድግ አካል ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ልቡና ሳንባው ግን በዚያው ፍጥነት አላደጉም። በቆላ እንኳ ከመካከላቸው በዚህ ምክንያት የሚሞቱ አሉ፤ በከፍታ ላይ ግን ሞቱ ይበዛል። አስቀድመው የሞቱት የወፈሩት መሆናቸውም ለዚሁ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ኦክስጅን የሚሹት እነርሱ ነበሩ። የተመልካችን ዓይን የሳበው ውበታቸውና የገደላቸው ነገር ሥሩ አንድ ስለነበረ፣ ጥርጣሬው በተመልካቿ ላይ መውደቁ አያስደንቅም።

እኛም ሳናውቅ ጉዳቱን አባብሰነዋል። የደጋው ሌሊት ይበርዳልና ጫጩቶቹን እንዲያሞቅ ከሰል አነደድን፤ ሙቀቱ እንዳይወጣም መስኮቱን በጆንያ ደፈንን። ከሰሉ የሳሳውን አየር ኦክስጅን ተሻማ፤ መርዛማ ጭሱም ከጫጩቶቹ ጋር ተዘጋበት። በመልካም አሳብ የተደረገ ነገር ሁሉ መልካም ፍሬ አያፈራም፤ እውቀት ሲታከልበት ነው።

ለኮሚቴዎች የምናቀርባቸው ምክሮች

አንደኛ፣ ዕቅድ ከመዘጋጀቱ በፊት የአጥቢያውን ከፍታ በሜትር እወቁ። በእጅ ስልክ መለካት ይቻላል፤ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ደጋ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ውርጭ እንደሆነ አስቡ። ከእንግዲህ ከፍታው ያልተጻፈበት የእንስሳት ዕርባታ ማመልከቻ ተመልሶ ይመጣላችኋል።

ሁለተኛ፣ የምትገዙት እንስሳ የትና በምን ከፍታ እንደ ተወለደና እንዳደገ ሻጩን ጠይቁ። ከእናንተ ከፍታ ጋር ከሚቀራረብ ወይም ከሚበልጥ ቦታ የመጣውን ምረጡ። ወተት ለማሻሻል ለምትሹ ደግሞ ከሩቅ ንጹሕ የውጭ ዝርያ ላም ከማስመጣት ይልቅ የአገሩን ላም በሰው ሠራሽ ዘዴ ማስዳቀል ይመረጣል። ጥጃዋ ከእናቷ ወገን ልማዱን ትወርሳለች፤ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮም በዚያው አየር ታድጋለች።

ሦስተኛ፣ ለውርጭ አጥቢያ በግን አስቀድሙ። ዶሮ ካስፈለገም የአገር ዝርያ ወይም ቀስ ብሎ የሚያድግ የእንቁላል ዶሮ ይሻላል። የግድ የሥጋ ዶሮ ይሁን ከተባለ በጥቂት ቁጥር ጀምሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ባለሙያ በሚነግራችሁ ልክ መኖውን ቀንሱ። ዕድገቱ ሲዘገይ ልቡ ፋታ ያገኛል።

አራተኛ፣ ቤቱ ሙቀትም አየርም ይኑረው። ብርድ በራሱ የከብትን የሳንባ ደም ግፊት ይጨምራል፤ የታፈነ ቤትም ኦክስጅን ይነፍጋል። ንፋሱ በቀጥታ እንስሳው ላይ እንዳይነፍስ ግድግዳውን ከታች ለስኑ፤ ከጣሪያው ሥር ግን የአየር መውጫ ተዉ። ከሰል የሚነድ ከሆነ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ ይኑረው። ይህ ቤቱን ለሚጠብቀው ሰውም ሕይወት ነው።

አምስተኛ፣ ምልክቶቹን እወቁ። ከብት ከመንጋው ወደ ኋላ ሲቀር፣ ትንሽ ሄዶ ሲያለከልክ፣ የአንገቱ ደም ሥር ሲወጠር፣ ፍርምባው ወይም የመንጋጋው ሥር ሲያብጥ አትንዱት፣ አታሩጡት። በተለይ ከሌላ አገር የመጡ ጥጆችን ተመልከቱ፤ የጥጃ የሳንባ ደም ሥር በእናቱ ማኅፀን ሳለ ወፍራም ስለሆነ ከተወለደ በኋላ መሳሳት ይገባዋል፤ በከፍታ ላይ ግን መሳሳቱ ይዘገያል። ነገር ግን ያበጠ ሁሉ በከፍታ ታመመ አትበሉ። ረግረግ ባለበት ደጋ የጉበት ትል እንዲህ ያለ እብጠት ያመጣል፤ ከመኖ ጋር የተዋጠ ሽቦ ወይም ምስማርም ልብን ወግቶ ፍርምባን ያሳብጣል። የጉበት ትል መድኃኒት አለው፤ ከፍታ ግን መድኃኒቱ መውረድ ነው። አንዱን በሌላው ተክተን እንዳንሳሳት የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀድሞ ይይ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ለአባቶች የምናቀርበው ልመና ነው። እንስሳ ሲሞት የሞተውን አስከፍቱ። ባለሙያው ሲከፍት ማኅበርተኞች ሁሉ ቆመው ይዩ። የተለጠጠ ልብ፣ ያበጠ ጉበት፣ የተቋጠረ ውሃ በዓይን የሚታይ ምስክር ነው። በዚያች አጥቢያ ያ ምርመራ ባይደረግ ኖሮ አንዲት ሴት ባልሠራችው ሥራ ስትወቀስ እስከ ዛሬ በኖረች ነበር። የእናቶች ማኅበሩ ዛሬ ከዚያው ወረዳ በተገዙ በጎች ሥራውን ቀጥሏል፤ ያች ጎረቤታቸውም አባል ሆናለች።

ጥያቄ ያላችሁ አጥቢያዎች ከፍታችሁን፣ ያሰባችሁትን የእንስሳ ዓይነትና የሚመጣበትን ቦታ ጽፋችሁ ላኩልን። እኛም ከባለሙያዎች ጋር መክረን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መልስ እንሰጣለን።